ዜሮም ይጻፋል

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1886 ፍራንክ ቻፕማን የሚባል የ21 ዓመት የባንክ ሠራተኛ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ዘናጭ ሴቶች ለገበያ በሚወጡበት ሰፈር ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰና ባርኔጣ ቆጠረ። 700 ባርኔጣ አየ። ከእነዚህ 542ቱ በወፍ ያጌጡ ነበሩ። አንዳንዱ ላይ ጥቂት ላባ፣ አንዳንዱ ላይ ክንፍ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከነምንቃሩ ደርቆ የተሰፋ ሙሉ ወፍ። ቻፕማን ከልጅነቱ ወፍ ወዳድ ስለነበር እየተራመደ ዝርያቸውን ለየ። 40 ዓይነት ሆኑለት።

እስቲ አስቡት። ጫካ የለ፣ ሐይቅ የለ። ሰውዬው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ፣ ሰው ራስ ላይ ነው 40 ዝርያ የቆጠረው። ከዚያም ዝርዝሩን ለአንድ መጽሔት ላከ። ስድብም ስብከትም አልጨመረበትም። ቁጥሩ ብቻውን በቂ ነበር።

ይሄን ታሪክ መጀመሪያ ላይ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ወፍ ቆጠራ ስናወራ ብዙ ሰው የሚመጣለት ጡረታ የወጣ ፈረንጅ፣ ኮፍያና ቢኖኩላር ነው። በየዓመቱ የሚደረገው ቆጠራ ግን ሲጀመር ከጠመንጃ ጋር የገባ ክርክር ነበር።

ከሬሳ ክምር ወደ ደብተር

በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የገና ዕለት የሚደረግ አንድ ጨዋታ ነበር። ወንዶቹ ለሁለት ቡድን ይከፈላሉ፤ ጠመንጃቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ላባ ወይም ጠጉር ያለው ነገር ካገኙ ይተኩሳሉ። ማታ የሁለቱም ቡድን ግዳይ ይከመርና ይቆጠራል። ክምሩ የበዛለት ቡድን አሸነፈ። በቃ። የሚበላውም የማይበላውም አንድ ላይ ነው።

ቻፕማን ባንኩን ትቶ በኒው ዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የወፍ ባለሙያ ሆኖ ነበር፤ በርድ-ሎር የሚባል መጽሔትም ያዘጋጃል። በ1900 ማብቂያ ላይ በዚያ መጽሔት አንድ ሐሳብ አቀረበ። ውድድሩ ይቅር አላለም፤ ገና ለገና ቤት ተቀመጡም አላለም። ውጡ፣ ተከፋፈሉ፣ ተወዳደሩ፤ ግን ሳትገድሉ ቁጠሩ አለ።

ታኅሣሥ 25 ቀን 1900 ሃያ ሰባት ሰዎች ወጡ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን 1893 ዓ.ም መሆኑ ነው፤ አድዋ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት። ከካናዳዋ ቶሮንቶ እስከ ካሊፎርኒያ በ25 ቦታ ቆጠሩ፤ ወደ 90 የሚጠጋ ዝርያም መዘገቡ። 27 ሰው! ዛሬ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ግን በሚቀጥለው ዓመትም ወጡ። በሚቀጥለውም። ሁለት የዓለም ጦርነት መጥቶ ሄደ፤ ቆጠራው አልተቋረጠም። ዛሬ ከ2,000 በላይ ቦታዎች ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ይሳተፉበታል።

ሕጉ ቀላል ነው። ዲያሜትሩ 24 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ካርታ ላይ ይሰመራል። ከታኅሣሥ 14 እስከ ጥር 5 ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ይመረጣል። በዚያ ቀን በዚያ ክብ ውስጥ የታየ ወፍ ሁሉ፣ ብርቁም ተራውም፣ ይመዘገባል። በዓመቱ ተመልሶ ያው ክብ፣ ያው ወቅት።

የሰው ጉጉት ግን የታወቀ ነው። ቆጠራ ወጥቶ ሺህ ድንቢጥ ያየ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የሚያወራው ስለ አንዷ እንግዳ ወፍ ነው። ከመንገዷ የሳተች፣ ነፋስ ያመጣት፣ እዚያ አገር በዚያ ወቅት መገኘት የሌለባት። ለእንደዚህች ዓይነቷ ወፍ ቆጠራው ሌላ ሕግ አለው። ስም መጻፍ ብቻ አይበቃም። ምን ያህል ትሆናለች? ምንቃሯ? እግሯ? ከምን ያህል ርቀት አየሃት? ፀሐዩ ከፊትህ ነበር ከኋላህ? አብሮህ ያየ ሰው አለ? ችሎት በሉት። የማያሳምን መልስ ከመጣ ወፏ ከመዝገቡ ትወጣለች።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ለእንግዳዋ ወፍ ምስክር ይጠየቃል። ለድንቢጧ ግን ማንም ምስክር አይጠይቅም፤ ማን ሊጠራጠር? መዝገቡ ከመቶ ዓመት በኋላ የነገረን ትልቁ ነገር ግን የመጣው ከድንቢጧ በኩል ነው።

በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይህን የገና ቆጠራ ከሌሎች መዝገቦች ጋር አጣምሮ ሒሳቡን ሠራ። ከ1970 ወዲህ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ የወፎች ቁጥር ወደ 3 ቢሊዮን በሚጠጋ ቀንሷል። የጠፉት ብርቅዬዎቹ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ያን ያህል ቁጥር አይመጣም ነበር፤ ብርቅዬ ወፍ መጀመሪያውኑ ቢሊዮን አይሞላም። የጠፉት በአብዛኛው የድንቢጥ ዘመዶች፣ የአጥር ላይ ወፎች፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ነበሩ። ሰዎች በየዓመቱ እንግዳዋን ወፍ ፍለጋ እየወጡ፣ ሳያስቡት የተራዋን ወፍ የሕይወት ታሪክ ጻፉ።

የማን ክረምት?

ወደ አገራችን ከመምጣታችን በፊት አንድ የቃል ነገር እናጥራ። ፈረንጆቹ ይህን የክረምት ቆጠራ ይሉታል። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ሰኔ ግም ሲል ይጀምርና መስከረም ሲጠባ ይሰናበታል። ታኅሣሥና ጥር እኛ ጋ በጋ ነው። እህል ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሰርግ በሰርግ ነው።

ወፎቹ ይህን ልዩነት ከእኛ በተሻለ ያውቁታል። የሩሲያና የአውሮፓ ውኃ በረዶ ሲሆንባቸው ተነስተው የሚመጡት የእኛ ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ረግረጉ ሞልቶ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ነው። በጋውን እዚህ ይከርሙና በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ስለዚህ የእነሱ ክረምት ማለት የእኛ በጋ ማለት ነው። ወፏ ክረምት የሚባል ነገር ሳታይ ነው የምትኖረው።

ቋንቋችን ደግሞ ስለ ብርቅ ወፍ የራሱ አባባል አለው። ለረጅም ጊዜ የጠፋ ጓደኛ ድንገት ብቅ ሲል ምን እንለዋለን? የመስቀል ወፍ ሆንክ። በዓመት አንዴ፣ ደመራው አካባቢ ታይታ የምትጠፋ ወፍ። የትኛዋ ወፍ እንደሆነች እንደየአገሩ ይለያያል። ሰው በዚህ ስም ከሚጠራቸው መካከል ግን ክረምቱ ሲያበቃ ወንዶቹ ቀይና ጥቁር፣ ወይም ቢጫና ጥቁር የሚለብሱ ትንንሽ ወፎች አሉ። እነዚህ ወፎች ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ የትም አይሄዱም። የሰርግ ልብሳቸውን ያወልቁና ቡናማ ይሆናሉ፤ ድንቢጥ መስለው ከድንቢጥ ጋር ይውላሉ። ዓመቱን ሙሉ አጥራችን ላይ ናቸው። ጠፉ የምንለው እኛ ነን።

አባባሉን ስጠቀምበት ያደግኩ ቢሆንም፣ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ትርጉሙ ተቀይሮብኛል። ብርቅ የሚለው ቃል ግማሹ ስለ ወፏ፣ ግማሹ ስለ ተመልካቹ ነው።

ታዲያ የኢትዮጵያን ወፎች ማን ተመለከተ? በጽሑፍ ደረጃ ከቀደሙት መካከል ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ይገኛል። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰሜኑ የአገራችን ክፍል መጣ። ወፎቹን ተኩሶ፣ ገፍፎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ፍራንክፈርት ሙዚየም ላከ። ደጋ ላይ በየሜዳው የምናያት፣ ጎባጣ ምንቃር ያላት፣ አንገቷ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለላት፣ ስትበር እየተንጫጫች የምትነሳ ኢቢስ አለች አይደል? ለሳይንስ ዓለም ስም የተሰጣት በ1837 በሩፔል ነው። ያ ወፍራም ምንቃር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለው ቁራችንም እንደዚሁ፤ በ1836። ሁለቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ ብዙም የማይገኙ ወፎች ናቸው። ለእኛ ግን የጠዋት ጩኸት ናቸው፤ ማን ቀና ብሎ ያያቸዋል?

ሩፔልን አልወቅስም። ያን ጊዜ ወፍን ማወቅ ማለት መግደል ነበር፤ ቻፕማን ራሱም ለሙዚየሙ ተኩሷል። ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ወፏ መኖሯን ይነግረናል እንጂ ስንት እንደነበሩ አይነግረንም።

ስንት? የሚለው ጥያቄ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1966 የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። በ1967 አውሮፓ ውስጥ ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ ተጀመረ፤ በየዓመቱ ጥር አጋማሽ ላይ፣ ሁሉም አገር በተቀራራቢ ቀን። በተቀራራቢ ቀን የሆነው ወፍ ድንበር ስለማያውቅ ነው፤ ዛሬ እዚህ የተቆጠረች ዳክዬ ወር ቆይታ ሌላ አገር ሁለተኛ እንዳትቆጠር። የአፍሪካው ቅርንጫፍ በ1991 ተጀመረ። ጥር አጋማሽ ማለት እኛ ጋ ጥምቀት ሰሞን ነው። ሕዝቡ ታቦት ሊሸኝ ወደ ውኃ ሲወርድ፣ ጥቂት ሰዎች ደግሞ ቴሌስኮፕ ተሸክመው ወደ ሌላ ውኃ ይወርዳሉ።

ራሰ በራዋ

አሁን ስለ አንዲት እውነተኛ እንግዳ ወፍ።

ሰሜናዊ ራሰ በራ ኢቢስ እንበላት። ጥቁር ናት፤ ፀሐይ ሲያርፍባት አረንጓዴና ሐምራዊ ታብረቀርቃለች። ጭንቅላቷ ላባ የለውም፤ ቀይ ነው። ማጅራቷ ላይ ግን ረጃጅም ላባ አላት፤ ከኋላ ስትታይ ፀጉሯን ያላበጠረች አሮጊት ትመስላለች። ድሮ ከአውሮፓ ተራሮች እስከ መካከለኛው ምሥራቅ ትገኝ ነበር። አውሮፓ ውስጥ ከጠፋች መቶ ዓመታት አልፈዋል። ቱርክ ውስጥ ቢሬጂክ በምትባል ከተማ ሰዎች ይወዷት ነበር፤ የሐጅ ተጓዦችን ወደ መካ መንገድ ትመራለች ይባል ነበር፤ በየዓመቱ ወደ ደቡብ ስለምትሄድ። እዚያ የነበረው የዱር መንጋ በ1989 አለቀ። ሶሪያ ውስጥ ደግሞ ከጠፋች ብዙ አሥርት ዓመታት ሆኗታል ተብሎ ተዘግቶ ነበር።

በ2002 ፓልሚራ ከምትባለው ጥንታዊ የሶሪያ ከተማ አጠገብ ሰባት ወፎች ተገኙ። የተገኙት የበረሃው አዳኞችና እረኞች ስላወቋቸው ነው። የሚጠይቅ ሰው መጣ፤ እነሱም አሳዩት።

ግን በጋው ካለቀ በኋላ የት ነው የሚሄዱት? በ2006 ሦስቱ ጀርባ ላይ የሳተላይት መሣሪያ ታሰረ። ስማቸው ሰላም፣ ሱልጣንና ዘኖቢያ፤ ዘኖቢያ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ሮምን የተዳፈረችው የፓልሚራ ንግሥት ናት። ወፎቹ ተነሱ። ዮርዳኖስ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የመን። የሐጅ መንገድ መሪ ናት ያለው የቢሬጂክ ሰው ብዙም አልተሳሳተም። ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከበረሩ በኋላ ምልክቱ አንድ ቦታ ላይ ረጋ፤ የኢትዮጵያ ደጋ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ።

በኅዳር 2006 የኢትዮጵያውያንና የውጭ ባለሙያዎች ቡድን ምልክቱን ተከትሎ ሄዶ በዓይኑ አያቸው። ሦስት አልነበሩም፤ አራት ነበሩ። መሣሪያ ያልታሰረባት አንዲት አብራ መጥታለች።

ይሄን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁሌም የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው። እንዴ፣ እስከዚያ ማንም አላያቸውም? ታይታለች። በ1977 ሁለት ተመራማሪዎች ይህች ወፍ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለመታየቷ ጽፈዋል። ከዚያ ግን ረጅም ዝምታ ነው። ወፏ የምትውለው ጫካ ውስጥ ወይም ሰው የማይደርስበት ገደል ላይ አይደለም። የግጦሽ ሜዳ ላይ ነው፤ ከብት መሃል፣ የታረሰ ማሳ ዳር፣ ትልና ፌንጣ እየለቀመች። ከላይ ያልኳችሁ ባለ ጩኸቷ የእኛ ኢቢስም የምትውለው እዚያው ነው። ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱም ጥቁርና ጎባጣ ምንቃር ናቸው። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሳያያት የቀረ አይመስለኝም። ግን የሶሪያውን እረኛ የጠየቀው ሰው ነበር፤ የእኛን እረኛ ማን ጠየቀው?

የፓልሚራዎቹ መጨረሻ ያሳዝናል። በመንገዳቸው ላይ ጠመንጃ አለ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። እያነሱ ሄዱ። በ2015 ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ስትወድቅ የዘኖቢያን ደብዛ ለሚናገር ሰው 1,000 ዶላር እንደሚሰጥ ተነገረ። የመጨረሻዎቹ ከጠፉ በኋላ ኢትዮጵያ የሚያደርሰውን መንገድ የምታውቅ የሶሪያ ወፍ አልቀረችም። መንገዱን ወጣቱ ከአዋቂው ተከትሎ ነው የሚማረው፤ የሚያስተምር ከሌለ መንገዱም ይረሳል። ሞሮኮ ያለው መንጋ ግን ተጠብቆ በዝቷል፤ በ2018 የዝርያው የአደጋ ደረጃ በአንድ ዝቅ ያለው በእሱ ምክንያት ነው። የእሱ ወፎች ግን ወደ እኛ አይመጡም።

ከሻላ ወደ አቢጃታ

ራሰ በራዋን በዓይኔ አላየኋትም። ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንድ ጥር ላይ በበጎ ፈቃደኝነት አቢጃታ ሐይቅ ቆጠራ ሄጄ ነበር። ሐይቁ ጥልቀት የለውም፤ ውኃው ሶዳ ነው፤ ዳሩ ላይ የረገጣችሁት ጭቃ ጫማችሁን ይዞ ያስቀራል። የቡድናችን መሪ ብዙ ዓመት ቆጠራ የወጣ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንለው። አንድ ሺህ ወፍ እንዴት እንደሚቆጠር ያስተማረን እሱ ነው። አሥር ቆጥራችሁ አሥሩ የያዙትን ቦታ በዓይናችሁ ለኩ። ያንን ልክ አሥር ጊዜ ደርድሩ፤ መቶ ሆነ። መቶውን እያነሳችሁ መንጋው ላይ ጣሉ። ሁለት ሰው ለየብቻ ይቆጥርና ይተያያል። ከተራራቀ እንደገና።

ከሰሜን የመጡ፣ ምንቃራቸው አካፋ የመሰለ ዳክዬዎች ውኃውን ሞልተውታል። መሃላቸው አንዲት ለየት ያለች ነበረች። ጎኗ ነጣ ይላል፣ አንገቷ ቀጠን ይላል፤ ሦስት ሰው አያት። አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ሥዕል ያለበትን አፕ ማገላበጥ ጀመረ። ጋሼ አስቆመው። መጀመሪያ ያየኸውን ንገረኝ፤ ስሙን በኋላ እናወጣለን አለው። ልጁ መናገር ሲጀምር መንጋው ተነሳ። ስንፈልግ ስንፈልግ አጣናት። ጋሼ ፎርሙ ላይ የጻፈው ይሄን ነው፦ ያልተለየ ዳክዬ፣ 1።

ልጁ ቅር አለው። ብርቅ ወፍ ብትሆንስ? ጋሼ፣ ብትሆንም ይሄው ጽፈናታል፤ ያላየነውን አልጨመርንላትም አለ።

ከዚያ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፎርሙን እየሞላች ፔሊካን የሚለው ጋ ደረሰች። ‘ጋሼ፣ በእኛ በኩል ፔሊካን የለም፤ ልለፈው?’

‘አይ፣ አትለፊው የኔ ልጅ። ዜሮ በይ። ባዶ ከተውሽው ነገ የሚያነበው ሰው ቆጣሪዎቹ ረስተውት ነው ይላል። ዜሮ ማለት ግን ፈልገን አጣን ማለት ነው።’

ያቺ ዜሮ ምን ያህል ከባድ እንደሆነች የገባኝ የቦታውን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ነው።

ከአቢጃታ አጠገብ፣ ከኮረብታው ማዶ፣ ሻላ አለ። ሻላ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሐይቅ ነው፤ ውኃው ለዓሣ አይመችም፤ መሃሉ ላይ ግን ደሴቶች አሉት። ነጫጭ ፔሊካኖች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ደሴት ላይ ነበር፤ ጅብና ቀበሮ ስለማይደርስ። ምግቡ ግን ያለው አቢጃታ ነው፤ ያን ጊዜ ቆሮሶ ሞልቶበት ነበር። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ኑሮ በ1960ዎቹ ተከታትለው በ1969 አሳተሙ። ኧርባን በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ፔሊካን ከባድ ወፍ ነው፤ ክንፉን እያራገበ ኮረብታ መሻገር ያደክመዋል። ስለዚህ ጠዋት መሬቱ እስኪሞቅ ይጠብቃል። ሙቀት አየር ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር በእሱ ላይ ተንሳፎ፣ እየተሽከረከረ ይወጣና ወደ አቢጃታ ይንሸራተታል። ዓሣውን ውጦ ይመለስና ለጫጩቶቹ ይተፋላቸዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ፔሊካኖች፣ በየቀኑ፣ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ። ያን ጊዜ ለዚያ አካባቢ ሰው ይሄ ብርቅ አልነበረም፤ የረፋድ ሰማይ ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? አቢጃታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ የሚኖረው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ በሚመጣለት ውኃ ነው። ላይኛው ውኃ ለመስኖ ተሳበ። ከራሱ ከአቢጃታም የሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃ መቅዳት ጀመረ። ሐይቁ ሸሸ፤ ግማሽ ያህል ስፋቱን ያጣበት ጊዜ ነበር። የቀረው ውኃ ጨውና ሶዳው በረታበት። ቆሮሶው አለቀ። ፍላሚንጎ ምግቡ ዓሣ ስላልሆነ፣ ውኃው ውስጥ ያለችውን ደቃቅ አልጌ እያጣራ ቀረ። ፔሊካኑ ግን ደሴቱ አጠገብ የነበረውን ማዕድ አጣ። ለጫጩቱ ምግብ ፍለጋ ሩቅ መብረር ግድ ሆነበት፤ የሻላው መንጋም ተመናመነ።

ልብ በሉ፤ ፔሊካን ከኢትዮጵያ አልጠፋም። ዝዋይ ብትሄዱ፣ ሐዋሳም ብትሄዱ ታዩታላችሁ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ከአባ ኮዳው ጋር ዓሣ ሲሻማ ፎቶ ያላነሳው የለም። ስለዚህ ማንም ሰው ፔሊካን አለቀ ብሎ አይደነግጥም። የጠፋው ከሻላ ወደ አቢጃታ የነበረው የረፋድ መንገድ ነው። ዛሬ አቢጃታ ላይ ትልቅ የፔሊካን መንጋ ያየ ሰው ብርቅ ነገር አየሁ ቢል ይፈረድበታል? አይፈረድበትም። ግን አያቱ ይስቁበት ነበር።

እንግዳዋና ነዋሪዋ

ለዚህ ነው ብርቅ ወፍ አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁን ሁለት ጥያቄ የምጠይቀው። ወፏ ከሩቅ የመጣች እንግዳ ናት? ወይስ ድሮ ነዋሪ የነበረች፣ አሁን እንግዳ የሆነች? መልኳን አይቶ መመለስ አይቻልም። የሚመልሰው መዝገብ ብቻ ነው።

እኛ ደግሞ በመዝገብ ድሆች ነን። ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ያለበት አገር ነው፤ በ1996 ለወፎች ትልቅ ጥቅም አላቸው ተብለው የተዘረዘሩት ቦታዎች ብቻ 69 ናቸው። የሚቆጥረው ሰው ግን ጥቂት ነው። አሜሪካኖቹ ሦስት ቢሊዮን ጠፋብን ማለት የቻሉት ሲኖሩ ስለቆጠሯቸው ነው። እኛ ብዙውን ጊዜ የምንለው ድሮ እኮ እዚህ ውኃ ነበር፣ ድሮ እኮ ወፉ አያስተኛም ነበር ነው። እናቶቻችን ሲሉት ወሬ ይመስለናል። ምስክርነት ነበር፤ ቁጥር ስላልነበረው ብቻ ማንም አልመዘገበው።

ቻፕማን ሲጀምር 27 ሰው ነበረው። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በሚቀጥለው ታኅሣሥ በምትኖሩበት ከተማ ይሄ ቆጠራ የመኖሩ ዕድል ትልቅ ነው፤ ልምድ ካለው ሰው ጋር ያጣምሯችኋል። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ጥምቀት ሰሞን ቴሌስኮፕ የተሸከመ ሰው ሐይቅ ዳር ካያችሁ ጠጋ በሉ፤ እጅ ይፈለጋል። እስከዚያው ደብተር ካላችሁ በቂ ነው። አንድ ቦታ ምረጡ፤ ኩሬ ይሁን፣ የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ይሁን፣ ከቤታችሁ ጀርባ ያለ ሜዳ። ቀኑን ጻፉ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ያያችሁትን ጻፉ። ድንቢጧንም። የዛሬ ዓመት በዚያው ቀን ተመለሱ።

ምንም ካላያችሁም ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ዜሮም ይጻፋል።